«ሲሻልዎት» ሳይሉ፦ የማይድን ሕመምተኛን የመጨረሻ ምኞት ለመፈጸም የሚረዳ የአሠራር መመሪያ

በሰሜን ሸዋ ሕመምተኛ የተኛበት ቤት የገባ ሰው «ሲሻልዎት ይዘንዎት እንሄዳለን» የሚለውን ቃል ሳይሰማ አይወጣም። እናት ጻድቃኔ ማርያምን መሳለም አማረኝ ሲሉ ልጃቸው «ሲሻልዎት» ይላል፤ አባት የተጣላሁትን ወንድሜን ጥሩልኝ ሲሉም መልሱ ያው ነው። ተናጋሪው ተስፋ ለመስጠት ብሎ እንጂ ክፋት አስቦ አይደለም። ይሁን እንጂ ሐኪም «ከዚህ በኋላ የሚያድነው ሕክምና የለንም፤ ሥቃዩን እናስታግስለት» ብሎ ወደ ቤቱ ላሰናበተው ሰው ይህች ቃል ምኞቱን ወደማይመጣ ቀን ታስተላልፋለች። በደብረ ብርሃንና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች ቤት ለቤት እየዞርኩ እንዲህ ያሉ ሕመምተኞችን የምረዳ ነርስ ነኝ፤ በገንዘብ እጦት ከቀሩት ምኞቶች ይልቅ በዚህች ቃል የቀሩት በዝተው ስላየሁ ይህን መመሪያ ጻፍኩ።

ሆስፒስ የሚባለው መዳን ለማይችል ሰው ቀሪ ዘመኑን ከሥቃይ ጠብቆ፣ ቤተሰቡንም ደግፎ የማቆየት አገልግሎት ነው። ዘመናዊው አሠራር መልክ የያዘው ሲሲሊ ሳውንደርስ የተባሉት እንግሊዛዊት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ውስጥ በከፈቱት የቅዱስ ክሪስቶፈር ሆስፒስ ነው፤ በአገራችን ደግሞ ሆስፒስ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ተቋቁሞ ሕመምተኞችን ቤታቸው ድረስ እየሄደ ሲረዳ ቆይቷል። በእኛ አካባቢ ግን ሆስፒሱ ራሱ ቤቱ ነው፤ ሠራተኞቹም ሌሊት የምትነሣዋ ልጅ፣ የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፣ የንስሐ አባት ወይም ኢማም፣ እንዲሁም ጎረቤት ናቸው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች የተዘጋጁት ለእነርሱ ነው።

1. የሚጠይቀውን ሰውና ሰዓቱን መምረጥ

በልማዳችን ክፉ የምርመራ ውጤት የሚነገረው ለታላቅ ልጅ ወይም ለወንድም ነው፤ ሕመምተኛው «ጨጓራ ነው» ተብሎ ይመለሳል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ሰውነቱ የነገረውን ሰው ማታለል አይቻልም። ምን ያህል እንደሚያውቅ ለመረዳት «ሐኪሙ ምን አሉዎት? እርስዎስ ምን ይመስልዎታል?» ብሎ መጠየቅና ዝም ብሎ መጠበቅ ይበቃል። «እኔ እንኳ ከዚህ ወዲያ አልነሣም» ካሉ ያውቃሉ ማለት ነው፤ «ልጆቼ ያውቃሉ» ካሉ ደግሞ ነገሩን ለልጆቻቸው ትተውታልና በግድ አይነገራቸውም። ሁሉን ሳያውቁም ቢሆን ምኞታቸውን መጠየቅ ይቻላል።

ጠያቂው የግድ የቤቱ ታላቅ መሆን የለበትም። የልብ የሚነገረው እግር ለምታጥበው፣ ሌሊት ውሃ ለምታቀብለው ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ነው። የሚመረጠውም ሰዓት ማስታገሻው ሥራውን ከጀመረ በኋላ፣ ቤቱ በሕመምተኛ ጠያቂ ሳይሞላ፣ በተለይ ጠዋት ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሠላሳ ሰው በተቀመጠበት «እስቲ የሚፈልጉትን ይንገሩን» ማለት ግን ምርቃት ከማስገኘት ያለፈ ጥቅም የለውም።

«የመጨረሻ ምኞትዎ ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ በአማርኛ መርዶ ይመስላል፤ አይጠቅምም። ይልቁንም ቋንቋችን አስቀድሞ ያዘጋጃቸው ጥያቄዎች አሉ፦ «ምን አማረዎት?»፣ «ማን ናፈቀዎት?»፣ «በልብዎ የቀረ ነገር አለ?»፣ «የሰው ገንዘብ እጅዎ ላይ አለ?»፣ «ስእለት አለብዎት?»። በኔ ልምድ ብዙ በር የሚከፍተው የመጨረሻው ነው። ልጅ ሲወለድ ለቤተ ክርስቲያን ጃንጥላ፣ ጧፍ ወይም ሙክት ተስለው ሳያስገቡ ሃያ ዓመት ያለፋቸው እናት ዕዳው ከሕመሙ እኩል ያንገላታቸዋል፤ ማንም ስለማይጠይቃቸውም አይናገሩም።

ምኞት ሁልጊዜ ምኞት መስሎ አይመጣም። ሞጃና ወደራ ውስጥ አንድ አዛውንት ገበሬ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ «የላይኛው ማሳ ታረሰ ወይ?» እያሉ ይጠይቁ ነበር። ልጆቻቸው «ታርሷል፣ አያስቡ» እያሉ ይመልሱላቸዋል፤ አልታረሰም ነበር። እርሳቸውም ያውቁ ነበር መሰለኝ፣ መልሱን ሰምተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። በመጨረሻ የልጅ ልጃቸው አልጋቸውን ወደ በሩ እንድንጎትተው ሐሳብ አቀረበች። ተጎትቶ ራስጌው ከፍ ሲደረግ ማሳው ፊት ለፊት ይታያል፤ አዛውንቱ ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ስበው «እንዲያው ባዶውን ነው ያለው» ብለው ስቀው፣ ከዚያ ወዲያ ስለማሳው መጠየቃቸውን ተዉ። ስለዚህ ሕመምተኛው ደጋግሞ የሚጠይቀው ጥያቄ ካለ ከመመለስ በፊት መመርመር ያስፈልጋል።

የሰሙትን ሁሉ በራሱ በሕመምተኛው አነጋገር በአንድ ደብተር ላይ፣ ከነቀኑ መመዝገብ ተገቢ ነው። «አባባ ዘመድ ማየት ይፈልጋሉ» ተብሎ የተጻፈ ማስታወሻ ለማንም አይረዳም፤ «የእታለምን ልጅ፣ ያችን የክርስትና ልጄን» ተብሎ ከተጻፈ ግን ማን መጠራት እንዳለበት ይታወቃል።

2. ሥቃዩን አስቀድሞ ማስታገስ

ሥቃይ ላይ ያለ ሰው ምኞት የለውም፤ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ እርሱም ሥቃዩ እንዲቆም ነው። «ፈጣሪ በወሰደኝ» የሚል ቃል ሲደጋገም ለመቆጣት ወይም ለመምከር ከመሽቀዳደም በፊት መድኃኒቱ በሰዓቱ መሰጠቱንና መጠኑ መብቃቱን ማረጋገጥ ይገባል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው የደረጃ አሠራር መሠረት ሕመሙ ቀላል ሲሆን እንደ ፓራሲታሞል ያለ መድኃኒት፣ ሲበረታ እንደ ኮዴይን ወይም ትራማዶል ያለ፣ ሲጠና ደግሞ ሞርፊን ይታዘዛል። የሚዋጠው ፈጣን ሞርፊን ብዙውን ጊዜ በየ4 ሰዓቱ የሚሰጥ በመሆኑ ሕመሙ ተመልሶ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ሰዓቱን ጠብቆ መስጠት ነው የሚገባው። የሆድ ድርቀት ስለሚያስከትል አብሮት የሚያለሰልስ መድኃኒት እንዲታዘዝ መጠየቅ፣ መጠኑን ደግሞ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አለመጨመርም አለማቋረጥም ያስፈልጋል። «ሞርፊን ከተጀመረማ አበቃለት» የሚለው ወሬ ብዙ ሰው ያለ አግባብ አሰቃይቷል፤ በትክክለኛው መጠን የተሰጠ ሞርፊን ሕመምተኛው ተቀምጦ ልጆቹን እንዲያናግር ያስችለዋል እንጂ ሞትን አይጠራም። መድኃኒቱ ቁጥጥር የሚደረግበትና በልዩ ማዘዣ የሚሰጥ በመሆኑ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ማሰብ ይገባል፤ በተለይ ከመሐል ሜዳ ወይም ከዓለም ከተማ ወገን ላለ ቤተሰብ፣ መንገድ ሲዘጋ የሚደርስበት ጭንቀት ቀላል አይደለም።

3. ምኞቶቹን በጊዜና በአቅም መለየት

በደብተሩ ላይ ከተመዘገቡት መካከል ዛሬ ሊሆን የሚችለው ዛሬ ይደረግ። ትልቁን ምኞት ስናደራጅ ትንሹ እንዳይረሳ የምፈራው፣ ትልቁ ብዙ ጊዜ ሳይደርስ ስለሚቀርና ትንሹም አብሮት ስለሚቀር ነው። ሕመምተኛው የቀኑን አብዛኛውን ክፍል መተኛት ከጀመረ፣ ከጉንጭ ውሃ በቀር የማይወስድ ከሆነ፣ እጅ እግሩ ከቀዘቀዘና ትንፋሹ እየቆመ የሚቀጥል ከሆነ የቀረው ምናልባት የቀናት ወይም የሰዓታት ጊዜ ነው፤ በዚያን ጊዜ ጉዞ አይታሰብም፣ የሚፈለገው ሰው ወይም ነገር ወደ አልጋው ይመጣለታል እንጂ።

4. ከቤት ሳይወጡ የሚፈጸሙ ምኞቶች

ከሚነገሩኝ ምኞቶች የሚበዙት ከደጃፍ አያልፉም። ሸዋ ሮቢት ልጃቸው ዘንድ ይታመሙ የነበሩ፣ ተወልደው ያደጉት መንዝ የሆነ አንድ አባት ቆላው ሙቀት ሆኖባቸው የአገራቸውን ምንጭ ውሃ ተመኙ። ዘመድ በጄሪካን ሞልቶ በአውቶቡስ ላከላቸው። እኔ በሙያዬ ተጨንቄ ውሃው ተፈልቶ፣ ቀዝቅዞ እንዲሰጣቸው አደረግሁ። ቀመስ አድርገው ኩባያውን መለሱልኝና «ይህ የኛ ውሃ አይደለም፤ ጭስ ጭስ ይላል» አሉ። እውነታቸውን ነበር፤ በእንጨት እሳት ነበር የፈላው። ከቀረው ላይ ያልፈላውን ግማሽ ኩባያ ሰጠናቸው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ጠጡት። የጥንቃቄ ሕግ ሁሉ ለሚድን ሰው የተሠራ መሆኑን፣ ለማይድን ሰው ግን ጉዳትና ጥቅሙ እንደገና መመዘን እንዳለበት ያስተማረኝ ያ ኩባያ ነው። ሕፃን ባለበት ቤት ግን ያው ውሃ ተፈልቶ መጠጣት እንዳለበት አልክድም።

የምግብ አምሮት ሲነሣ ዓላማው ማጥገብ ሳይሆን ማቅመስ ነው። እሸት ያማረው ሰው እሸቱን ማኘክ ባይችል እንኳ በእጁ ሊፈለፍለው፣ ጠረኑን ሊያሸት፣ የተፈጨውንም በማንኪያ ጫፍ ሊቀምስ ይችላል። ሲመገብ ደገፍ ብሎ መቀመጥ አለበት፤ በጣም ጥቂት ይሰጠዋል፣ እስኪውጥ ይጠበቃል፣ ትን ካለው ወይም ካሳለው ይቆማል። እንቅልፍ ለጫነው ሰው ምንም በአፉ አይጨመርም፤ ለእርሱ ንጹሕ ጨርቅ በውሃ አርሶ ከንፈሩንና አፉን ማርጠብ ይበቃል። በመጨረሻዎቹ ቀናት ሰውነት ምግብ አልፈልግም ማለቱ የሕመሙ አካሄድ ስለሆነ «አልበላ ብሎ ነው የሞተው» ብሎ አስታማሚን መውቀስ ስሕተትም ግፍም ነው። ሕመምተኛው ጾም አልሽርም ካለ ይህም ምኞት ነውና ይከበር፤ መድኃኒቱን እንዴት እንደሚወስድ ግን የንስሐ አባቱ ራሳቸው ቢነግሩት ይሻላል፣ ከነርስ ይልቅ ይሰማቸዋልና።

የእጅ ሥራም አይረሳ። ዕድሜዋን ለበርኖስና ለባና ጸጉር ስትፈትል የኖረች የመንዝ ሴት እንዝርትና ጥቂት የበግ ጸጉር ብታገኝ፣ መፍተል ባትችል እንኳ ጣቶቿ የሚያደርጉትን ያውቃሉ። ይህን ያየሁት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ያቺ እናት ከስንዝር የማይበልጥ ክር አውጥተው እንዝርቱን በደረታቸው ላይ እንዳደረጉ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ልጃቸው ዓረብ አገር የሆነች ወላጆች ምኞት ድምፅዋን መስማት ነው። የሳዑዲና የእኛ ሰዓት አንድ በመሆኑ የምትደውልበትን ጊዜ መወሰን አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው የእርሷ የሥራ ሰዓትና የእኛ ኔትወርክ ነው። ስለዚህ ቀጠሮው አስቀድሞ በመልእክት ይያዝ፣ ስልኩ ይሞላ፣ ጥሪው ማስታገሻ ከተወሰደ ከአንድ ሰዓት ያህል በኋላ ይሁን። ምስሉ ከተቆራረጠ ልጅቱ ድምፅዋን ቀድታ በኢሞ ወይም በቴሌግራም ትላክ፤ የተቀዳ ድምፅ ደጋግሞ ሊሰማ ስለሚችል አንዳንዴ ከጥሪው ይበልጣል። በጥሪው ላይ ግን ልጅቱ እያለቀሰች «ለምን አልነገራችሁኝም» እንዳትል እውነቱ ቀደም ብሎ ለብቻዋ ይነገራት።

5. ጉዞ የሚያስፈልገው ምኞት

በኔዘርላንድ ኬስ ቬልድቦር የተባለ የአምቡላንስ ሾፌር እ.ኤ.አ. በ2006 የመርከብ ነገር የናፈቀውን አንድ የማይድን ሕመምተኛ ከነአልጋው ወደብ ወስዶ ካሳየው በኋላ በ2007 ለዚሁ ሥራ ብቻ የሚሆን የአምቡላንስ ድርጅት አቋቁሟል። እኛ ያን የመሰለ አምቡላንስ የለንም። ቃሬዛ ግን አለን፤ ወላድንና ቁስለኛን ከገደል አፋፍ ተሸክሞ መንገድ ዳር የሚያደርስ ጎረቤትም አለን። ቃሬዛ የሚነሣው ወደ ሆስፒታል ለመሄድ ብቻ ነው ያለው ማነው?

በእኛ በኩል ከሁሉ የሚበዛው የጉዞ ምኞት ጠበል ነው፤ ጻድቃኔ ማርያም ወይም ሸንኮራ ዮሐንስ። ቀጥሎ ትውልድ ቀዬን ማየት ነው። ከጉዞው ሁለት ቀን በፊት ሕመምተኛው ከአልጋ ተነሥቶ ለአንድ ሰዓት ያህል በወንበር ወይም በመኪና መቀመጫ ላይ መቆየት መቻሉ ይሞከራል፤ ካልቻለ ተኝቶ የሚሄድበት መኪና ይፈለጋል። የጤና ባለሙያ ይየው፤ በተለይ የትንፋሽ እጥረት ካለበት፣ ደብረ ብርሃን ራሷ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ስትሆን በጣርማ በር በኩል የሚያልፈው መንገድ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሚወጣ፣ ብርዱና የአየሩ መሳሳት እንደሚያስቸግረው ታስቦ ይወሰን። በቦታው የሚያስተናግድ አንድ ሰው ቀድሞ ይደወልለት፤ ሰልፍ እንዳይጠብቅ፣ ወደ ጠበሉ የሚወርደው ደረጃ ወይም ቁልቁለት በስንት ሰው ሸክም እንደሚሆን ይታወቅ። ለደካማ ሰው ቀዝቃዛ ጠበል በሙሉ ሰውነቱ ላይ ማፍሰስ ስለሚከብደው፣ መጠጣት ወይም ፊትና እጁን መታጠብ ይበቃው እንደሆነ ካህኑን መጠየቅ ይቻላል፤ የጠየቅኋቸው ካህናት ሁሉ ፈቅደዋል።

በጉዞው ዕለት ከመነሣት ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት በፊት የታዘዘው ማስታገሻ ይሰጥ፤ ለመንገዱ የሚሆነውም ተቆጥሮ ይያዝ። እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ካንሰሩ ወገብ አጥንቱ ላይ የደረሰ አንድ ሰው ይዘን ስንጓዝ ሞርፊኑን ያስቀመጥሁበት ቦርሳ ቀድሞ በሄደው መኪና ላይ ተጭኖ ነበር። ኮረኮንቹ መንገድ ላይ ከባድ መኪና ተገልብጦ ቆምን፤ የመድኃኒቱ ሰዓት አለፈ። ሰውዬው አንድ ቃል አልተናገረም፣ የጋቢውን ጥለት ነክሶ ይዞ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ መድኃኒት ከአስታማሚው ኪስ አይወጣም፣ ግማሹም በሌላ ሰው ዘንድ ይያዛል። ሌላው ስንቅ የታወቀ ነው፦ ብርድ ልብስ፣ ትራስ፣ ውሃ፣ ፕላስቲክና ንጹሕ ጨርቅ፣ ለማስታወክ የሚሆን ሳህን፣ የሐኪሙ የማሰናበቻ ወረቀት።

ወደ ጠበል የሄደ ሰው መድኃኒት ያቋርጥ የሚል አመለካከት አለ። ሟቹ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በጊዜያቸው የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ መናገራቸው ለዚህ ጥሩ መልስ ነው፤ ሞርፊን በድንገት ሲቋረጥ ደግሞ ሥቃዩ መመለስ ብቻ ሳይሆን ሰውነትም ይንቀጠቀጣል፣ ያልባል፣ ያስቀምጣል።

በመንገድ ላይ ሊሞት ይችላል የሚለው ፍርሃት እውነተኛ ነው። ሕመምተኛውንም ቤተሰቡንም ከመነሣት በፊት በግልጽ ጠይቁ፤ «እንዲያ ቢሆንስ?»። አንድ እናት «ማርያም ደጅ ከሆነማ ምን ጎደለኝ» ብለውኛል። ቤተሰቡ ከፈራ ግን ጠበሉ በጠርሙስ ይምጣ፤ የቀዬው አፈር ወይም የደጁ ባሕር ዛፍ ቅጠልም መምጣት ይችላል።

6. ዕርቅና ምርቃት

ዕርቅ በድንገት አይደረግም። የተጣላውን ሰው ሳይነግሩ አምጥቶ ራስጌ ማቆም ሁለቱንም ያሳፍራል። አስቀድሞ የንስሐ አባት ወይም ሁለቱ የሚያከብሯቸው ሽማግሌ ለየብቻ ያናግሯቸው፤ ያኛው ወገን ፈቃደኛ ካልሆነ ለሕመምተኛው «አልመጣም አለ» ከማለት «መልእክትዎ ደርሶታል» ማለት ይሻላል፣ ደርሶት ከሆነ። ከተገናኙ በኋላ የድሮው ነገር አይዘርዘር፤ ማን ድንበር ገፋ፣ ማን ምስክር ሆነበት የሚለው ለሌላ ሸንጎ ይቆይ። «ይቅር በለኝ»፣ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ከተባባሉ፣ ጉልበት ከተሳመ በቂ ነው። ከሩብ ሰዓት በላይ ማቆየት ሕመምተኛውን ያደክመዋል።

ብዙ አረጋውያን የሚመኙት መቀበልን ሳይሆን መስጠትን ነው፤ ልጆቻቸውን ሳይመርቁ መሞት ያስፈራቸዋል። ልጆች ሁሉ እስኪሰበሰቡ አይጠበቅ፤ ያሉት ይንበርከኩ፣ የሌሉት በስልክ ድምፅ ማጉያ ይግቡ፣ ሕመምተኛውም ከፈቀደ ድምፁ ይቀዳ። ምርቃት ቤተሰብ የሚያስበውን ያህል ጊዜ አይፈጅም፤ ድምፅ ግን ይፈልጋል፣ ድምፅ ደግሞ ቀድሞ የሚሄድ ነገር ነው።

7. የሃይማኖት ሥርዓት

ለኦርቶዶክሳዊ ሕመምተኛ ንስሐ፣ ቀንዲል (ለሕሙማን የሚደረገው የቅብዓት ጸሎት) እና ቁርባን በጊዜ ይታሰቡ። ቀንዲል በቤት ሊደረግ ይችላል። ቁርባን የሚፈልግ ሰው የሚያስታውከው ከሆነ ካህናቱ ስለሚቸገሩ፣ ቀደም ባሉት ቀናት ማስታወክን የሚከላከል መድኃኒት እንዲታዘዝለት ለሐኪም መንገር ይጠቅማል፤ ይህን ባለማድረግ ብቻ ሳይቆርብ የቀረ ሰው አውቃለሁ።

በይፋት፣ በአልዩ አምባና በሸዋ ሮቢት አካባቢ ላሉ ሙስሊም ቤተሰቦች ዕዳን መክፈልና ከሰው ሐቅ መጽዳት ከሁሉ ይቀድማል። አልጋውን ወደ ቂብላ ማዞር የሚፈልግ ካለ ከዚህ አካባቢ መካ ያለችው ወደ ሰሜን ነው። ለወራሽ ላልሆነ ሰው ወይም ለበጎ አድራጎት የሚደረገው ውሲያ (ኑዛዜ) ከንብረቱ አንድ ሦስተኛ እንደማያልፍ ኢማሙ ያስረዳሉ።

8. ኑዛዜና አደራ

ኑዛዜ የምንለው ለካህን የሚነገረውንም ስለ ንብረት የሚነገረውንም ስለሆነ ቤተሰብ አንዱን ፈጽሞ ሁለቱንም የጨረሰ ይመስለዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሦስት ዓይነት ኑዛዜ ያውቃል። በግልጽ የሚደረገው ኑዛዜ ተናዛዡ ወይም በእርሱ ቃል ሌላ ሰው ጽፎት፣ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፤ መነበቡና ቀኑ በጽሑፉ ላይ ይገለጻል፣ ሁሉም ወዲያው ይፈርማሉ ወይም የጣት አሻራ ያደርጋሉ። ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል። «ተነበበ» የምትለው አንዲት መስመር መጉደል ኑዛዜውን ልታፈርሰው ስለምትችል አትረሳ። ሁለተኛው ተናዛዡ ራሱ ሙሉ በሙሉ በእጁ የሚጽፈው፣ ኑዛዜ መሆኑ ተገልጾ ቀንና ፊርማ ያለበት ነው። ሦስተኛው መሞቻው እንደደረሰ የተሰማው ሰው ለሁለት ምስክሮች የሚናገረው የቃል ኑዛዜ ሲሆን፣ በዚህ ስለ ቀብሩ ማዘዝ፣ እያንዳንዱ ከ500 ብር የማይበልጥ ስጦታ መስጠትና ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆቹ ሞግዚት መሰየም ብቻ ይችላል፤ ከተናገረ በኋላ ሦስት ወር በሕይወት ከቆየም ይቀራል። ቤትና ከብት በቃል አውርሷል ብሎ የሚከራከር ቤተሰብ ብዙ ነውና ይህ በጊዜ ይታወቅ። የእርሻ መሬትን የሚመለከት ነገር ካለ የክልሉ የገጠር መሬት ሕግ ስለሚገዛው የወረዳውን የመሬት ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ያስፈልጋል። ከኑዛዜው የሚጠቀም ሰው ምስክርም ጸሐፊም ባይሆን ይመረጣል፤ እኛ የጤና ሠራተኞችም ከሕመምተኛ ስጦታ አንቀበል።

አደራ ግን ከወረቀት ይከብዳል። አባት «እህትህን ለእገሌ ልጅ ዳራት» ወይም «ይህን ቤት እንዳትሸጥ» ካሉ ልጅ ፈርቶ «እሺ» ይላል፤ ከዚያ በኋላ አደራ በላ ላለመባል ዕድሜ ልኩን ይታሰራል። የማይሸከሙትን አደራ መቀበል ለሟችም ለቀሪም አይጠቅምም። «አባባ፣ እህቴ ተገፍታ እንዳትኖር አደራዎን እቀበላለሁ፤ የምታገባውን ግን እርሷ ትምረጥ» ብሎ ከፍሎ መመለስ ይቻላል። ከአደራው ጀርባ ያለው ጭንቀት ከተመለሰ አረጋውያን ከምንገምተው በላይ ይስማማሉ።

9. መሞቻና መቀበሪያ ቦታ

«ቤቴ ልሙት፣ ከአባቶቼ ጋር ቅበሩኝ» የሚለው ምኞት በአገራችን ከሁሉ የታወቀው ነው። አዲስ አበባ ወይም ደብረ ብርሃን ሆስፒታል የተኛ ሰው ይህን ካለ፣ በሕይወት እያለ ወደ ቀዬው መመለሱ ለእርሱ ምኞቱ ነው፣ ለቤተሰቡም አስከሬን ከማጓጓዝ ወጪው ይቀላል። ከመውጣት በፊት የማሰናበቻ ወረቀት፣ የሚበቃ ማስታገሻ፣ የሚደወልለት የባለሙያ ስልክና ለቅርቡ ጤና ጣቢያ የሚሰጥ ደብዳቤ መያዝ አለበት።

ለመቀበሪያውም የሚጣሩ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው የእድር መዋጮው አለመቋረጡ ነው፤ በሕመም ምክንያት ሦስት አራት ወር ሳይከፈል የሚረሳ ብዙ ነው። ሁለተኛው የሰበካ ጉባኤ ክፍያ ነው፤ በከተማ ደብር የተመዘገበ ሰው በገጠር ደብሩ ሊቀበር ሲል የማስረጃ ደብዳቤ ሊጠየቅ ስለሚችል ሬሳ ደጅ ላይ ቆሞ ከመጨቃጨቅ በፊት ቀደም ብሎ ማስጻፍ ነው።

10. ከሞት በኋላ

ደብተሩ ከለቅሶው ግርግር አስቀድሞ በአንድ ሰው እጅ ይቀመጥ። ሳይፈጸሙ ከቀሩት መካከል ያለ እርሱም ሊፈጸሙ የሚችሉ ይኖራሉ፦ ዕዳ፣ ለሰው የተባለ ዕቃ፣ ስእለት። ለስእለቱ የሚሆነውን ገንዘብ ከተዝካሩ ወጪ ለይቶ መያዝ ያስፈልጋል፤ ካልሆነ በድግሱ ውስጥ ይጠፋል። የአንዲቱ እናት ጃንጥላ ከአርባቸው በኋላ በመጣው የማርያም በዓል ገብቷል፤ ይዞት የገባውም ስእለቱ ስለ እርሱ የነበረው ልጅ ነው። የተረፈው ሞርፊን ደግሞ ተቆጥሮ ወደተሰጠበት የጤና ተቋም ይመለስ፤ ለሌላ ሕመምተኛ በዘመድነት ማዋስ ወይም በመደርደሪያ ላይ መተው ክልክል ነው፣ እስኪመለስም ድረስ ጠርሙሱ ክዳኑ እንደተዘጋ ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ።